የሚኒሶታው አሸንዳ

በ2006 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የምፈልገው አራት ኪሎ፣ ጋዜጣ አከራዮቹ ዘንድ ነበር። የዚያን ዘመን ተመራቂ ቦታውን ያውቀዋል። ረቡዕና እሑድ ሪፖርተር ሲወጣ በጠዋት ይደረሳል፤ አንድ ብር ተከፍሎ ጋዜጣው ይያዛል፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የክፍት ሥራ ማስታወቂያውን ገጽ ብቻ መግለጥ ነው። የራሱ ወግ ነበረው። እስክሪብቶ የሌለው ይዋሳል፤ ገጹን የጨረሰ ላልደረሰው ያቀብላል፤ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ያገኘ ሰው ለብቻው አይዘውም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉም ያነብባል። እዚያ ድንጋይ ላይ አብረውኝ የተቀመጡትን ልጆች ዛሬም ሳስባቸው ልቤ ይሞቃል። ሁላችንም የምንሻማው አንድ ቦታ ቢሆንም አንዳችን ከሌላችን አንደብቅም ነበር።

በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የተመረቅሁት ሐምሌ ላይ ነው። ከሽሮ ሜዳ በስድስት ኪሎ አድርጌ በእግሬ እወርዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ዳገቱን እመለሳለሁ። መንገዴ በአሜሪካ ኤምባሲ አጥር በኩል ነው። ማለዳ የቪዛ ቀጠሮ ያላቸው ሰዎች የፕላስቲክ ፋይላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመው አያለሁ፤ ከሩቅ አገር የመጡ ይኖራሉ፣ ሠርግ የተጠሩ ያህል የለበሱ ይኖራሉ። እዚያ ሰልፍ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። የዚያን ዓመት ኅዳር ግን ለአሜሪካ ሰው ሥራ ጀመርኩ፤ ከሰፈሬም አልወጣሁ።

ነገሩን የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም የነበርን ልጅ ናት። «ኦዴስክ የሚባል አለ» አለችኝ በስልክ። «ሥራ ይለጠፋል፤ ዋጋሽን ጠርተሽ ትወዳደሪያለሽ፤ ካለፍሽ ጽፈሽ በኢንተርኔት ትልኪያለሽ። የሚከፍሉት በዶላር ነው።» ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እንጀራ ልትጋግር ምጣዷን እያሰሰች ነበር። ቀና ሳትል «ደላላው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የጠየቀችው ከልቧ ነው። እኛ ሰፈር ቤት የሚያከራየው ሰው አለ፤ ሠራተኛ የሚያስቀጥረው አለ፤ ሸማኔውን ከነጋዴው የሚያገናኘው አለ። ሰውየው ይታወቃል፤ ቢሰወር እንኳ የሚቆምባት ጥግ ትታወቃለች። የማውቀውን ያህል መለስኩላት፦ ድርጅቱ አሜሪካ ነው፣ አሠሪውንና ሠራተኛውን ያገናኛል፣ ከሚከፈለው ከመቶ 10 ይወስዳል። «እሱስ ደግ ነው» አለች። «ሠርተሽ ቢክድሽስ? ማን ይመሰክርልሻል?»

ዓመታት ቆይቶ የኦዴስክን አጀማመር ሳነብ የእናቴ ጥያቄ ድርጅቱን ራሱን የወለደው ጥያቄ መሆኑን አወቅሁ። ኦዲሴያስ ጻታሎስና ስትራቲስ ካራማንላኪስ የሚባሉ ሁለት ግሪካውያን ጓደኛሞች ነበሩ፤ አንዱ አሜሪካ፣ ሌላው አቴንስ። አብረው መሥራት ፈለጉ። ግን አሠሪ በዓይኑ የማያየውን ሠራተኛ እንዴት ያምናል? ለዚህ መልስ ይሆናል ያሉትን መሣሪያ ሠሩና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ድርጅቱ ተመሠረተ። በሰዓት የሚከፈልበት ሥራ የያዘ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፕሮግራም ይጭናል። ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው ውስጥ አንድ ጊዜ የስክሪኑን ፎቶ ያነሣል፣ ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተነካ ይቆጥራል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ስለላ አይቶ ይጠላዋል፤ የሚጠላበትም ምክንያት ይገባኛል። እኔ ግን ወድጄው ነበር። ያኔ ቀኑን ሙሉ ስለፋ ውዬ «ምን ሠራሽ?» ስባል የማሳየው ነገር አልነበረኝም። ኦዴስክ ላይ ግን ሠርቻለሁ ብዬ መማል ሳያስፈልገኝ መሥራቴ ይታያል። እናቴ የጠየቀችኝ ምስክር እሱ ነበር።

ኢንተርኔት ቤቱ ከገበያው ከፍ ብሎ ነው፤ ስድስት ኮምፒውተር አለው፣ ደቂቃው 25 ሳንቲም። መጀመሪያ ፕሮፋይል ይሞላል፤ የምርቃት ፎቶዬን አስነሥቼ ለጠፍኩ። ቀጥሎ ፈተና አለ። የእንግሊዝኛው 40 ጥያቄ ነበር፤ አንዱን ጥያቄ ደግሜ ባነበብኩ ቁጥር ሳንቲም እንደሚቆጥር እያሰብኩ ሠራሁት፤ ጥሩም አመጣሁ። ከዚያ በጥቅምት ወር ውስጥ 23 ሥራ ላይ አመለከትኩ። አንድም መልስ አልመጣም።

የሥራዎቹን ዓይነት ዛሬ ለወጣቶች ስነግራቸው ይገርማቸዋል። ለ500 ቃል 1 ዶላር የሚል ነበር። አንድ ሐረግ አምስት ጊዜ እንዲደጋገም የሚያዝ ነበር፤ ሐረጉ ሰዎች ጉግል ላይ የሚፈልጉት ስለሆነ ሲደጋገም ገጹን ወደ ላይ ያወጣዋል ተብሎ ነው። የሌላ ሰው ጽሑፍ ተሰጥቶሽ ቃሉን ቀያይረሽ አዲስ አስመስለሽ መልሺ የሚልም ሞልቶ ነበር። ጉግል በ2011 የካቲት፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ፓንዳ የሚባለውን ለውጥ ካመጣ ወዲህ እንደዚህ የተሞሉ ገጾች ወደ ታች ወርደው ነበር። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ባለ ድረ ገጾች በእርግጥ ለሰው የሚጠቅም ጽሑፍ የሚጽፍላቸው ሰው ይፈልጉ ጀመር። ይህን ያኔ አላውቅም። ያመለከትኩት ግን፣ ባላውቀውም፣ በሁለቱ ዘመኖች መገጣጠሚያ ላይ ቆሜ ነው። ማኒላ፣ ካራቺ፣ ናይሮቢ ያሉ ጸሐፊዎች ከእኔ በፊት ገብተው ኮከባቸውን ሰብስበዋል፤ ለአንድ ሥራ እስከ ሃምሳ ሰው ይወዳደራል።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። አስተዋዋቂው ሚኒሶታ ውስጥ ጣራና አሸንዳ የሚጠግን ትንሽ ድርጅት ያለው ሰው ነው። ለድረ ገጹ 500 ቃል ይፈልጋል፦ ቅጠል ረግፎ ካለቀ በኋላ፣ በረዶ ሳይወርድ፣ አሸንዳ ለምን መጽዳት እንዳለበት። ዋጋው 5 ዶላር። ከግርጌው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ ስለ አሸንዳ ጥቂትም ቢሆን የሚያውቅ ሰው እመርጣለሁ የምትል።

እስከዚያ ድረስ ማመልከቻዎቼን የጻፍኩት ትምህርት ቤት በተማርኩት ሥርዓት ነበር፤ «ክቡር ሆይ» ብሎ ጀምሮ ትጋትንና ታማኝነትን ዘርዝሮ የሚጨርስ። የዚያን ቀን ግን የቀረኝ ደቂቃ ጥቂት ስለነበረ እውነቱን ባጭሩ ጻፍኩለት። ስለ አሸንዳ አላውቅም፤ እንደናንተ አገር ያለ በረዶም አይቼ አላውቅም፤ ነገር ግን ከቤታችን አራት ቤት አልፎ ሠላሳ ዓመት አሸንዳ የሠሩ ሰው አሉ፣ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ አልኩት። በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ሚኒሶታ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን፣ መልሱ መጣ። «ጠይቂያቸው» ነው የሚለው። ከሥሩ ውሉ ተከፍቷል።

ጋሼ ላሜራ የሚያጥፉት ቤታቸው በር ላይ ነው። ሰፈራችን ያደገ ሁሉ የመዶሻቸውን ድምፅ ያውቀዋል። የሄድኩበት ቀን ኅዳር 12 ነበር፤ የሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ካረገፋት ጀምሮ በዚያ ቀን ግቢ ይጠረጋል፣ ቆሻሻው በየበሩ ይቃጠላል። መንገዱ ሁሉ ጭስ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲጨስ ያለው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ጋሼ መሰላል ላይ ወጥተው ከራሳቸው አሸንዳ ቅጠል እየዛቁ ወደ እሳቱ ይጥላሉ። የሚኒሶታ ሰዎችም በዚያው ሳምንት መሰላል ላይ ወጥተው ቅጠል እየዛቁ እንደሆነ ማስታወቂያው ነግሮኛል። እነሱ በረዶን ሽሽት፣ እኛ የመቶ ዓመት በሽታን ሽሽት። በዚያ ጭስ ውስጥ ቆሜ አገሩ ቀረበኝ።

«ጋሼ፣ አሸንዳ ለምንድነው የሚበላሸው?»

«የማን አሸንዳ?»

«የአሜሪካ።»

ጥቂት አሰቡ። «ውሃ እንደሆነ አሜሪካም ወደ ታች ነው የሚሄደው» አሉና ከመሰላሉ ወረዱ።

ያን ቀን ያስተማሩኝን በደብተር ጽፌ እስካሁን አለኝ። አሸንዳ ደልዳላ መስሎ ይታያል እንጂ መደልደል የለበትም፤ በየሦስት ሜትሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ግድም ወደ መውረጃው ዘንበል ይላል። ዘንበል ካላለ ውሃ ይተኛል፣ የተኛ ውሃ ላሜራውን ይበላል። ቅጠል የሚጎዳው አሸንዳው መሐል ላይ ሲቀመጥ አይደለም፤ ተንሸራትቶ መውረጃው ቱቦ አፍ ላይ ሲከማች ነው። እርጥብ ቅጠል ደግሞ ከባድ ነው፤ ምስማሩን እየጎተተ ያወጣል። ያኔ አሸንዳው ከግድግዳው ይለያል፣ ውሃው በክፍተቱ ገብቶ ግድግዳውን ያረጥባል፣ ሰው ግን ጣራው ያፈሰሰ ይመስለውና ጣራ ይቀይራል። በመጨረሻ ያሉኝ ይህን ነው፦ «በጆግ ውሃ ያዢና ከወዲያኛው ጫፍ አፍስሽ። ዝም ብለሽ ተመልከቺ። ውሃው የቆመባት ቦታ፣ በሽታው እሷ ናት።»

ማታ መብራት ስለነበረ እቤት በወረቀት ጻፍኩት፤ በማግስቱ ኢንተርኔት ቤት ገልብጬ ላክሁት። አጀማመሬ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ያህል የተዋበ ነበር፤ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ መጠለያ እንደሚሻ ሁለት አንቀጽ ሙሉ። የጆጓ ነገር አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ነበረች።

ጽሑፉ ተመልሶ መጣልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አንቀጾች ላይ መስመር ተሠምሮባቸዋል። ጆጓ አጠገብ «ከዚህ ጀምሪ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር፦ አንባቢዬ ጓሮው ውስጥ ቆሟል፣ እጁ ቀዝቅዟል፤ መልሱን ስጪው።

አራት ዓመት ሙሉ ድርሰት ጽፌአለሁ። ውጤት ተሰጥቶኛል፣ «ጥሩ» ተብሎ ተጽፎልኛል። ግን የጻፍኩትን አንድ በአንድ ተከትሎ የቱ ጋ ሕይወት እንዳለውና የቱ ጋ እንደሌለው ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ያሳየኝ አሸንዳ ጠጋኝ ነው፤ ለ5 ዶላር ጽሑፍ፣ ማንነቴን ሳያውቅ። አንባቢ ማለት ቆሞ የሚጠብቅ፣ እጁ የበረደው ሰው መሆኑን ከዚያ ቀን ወዲህ አልረሳሁም። እስከ ዛሬ ስጽፍ ያ ሰው ጓሮው ውስጥ ቆሞ ይታየኛል።

አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር ነበር። በእንግሊዝኛ አንተም አንቱም አንድ ነው። ስለ አሠሪዬ ለእናቴ ሳወራ ግን መምረጥ ነበረብኝ። ዕድሜውን አላውቅም፤ አለቃዬ ነው፤ ግን ሲጽፍልኝ እንደ እኩያ ነው። በመጨረሻ «ሰውየው» ብዬ ጠራሁት፣ በአንተ። እናቴ ግን «አንቱ በያቸው፣ እንጀራ የሚሰጥሽን ሰው» ብላ ገሠጸችኝ። እሷ እስከ መጨረሻው «እኚያ ሰው» ነው የምትላቸው።

አስተካክዬ መልሼ ላክሁ፤ ወዲያው አምስት ኮከብ ሰጠኝና ተጨማሪ ሥራ ከፈተልኝ። በየሳምንቱ ሁለት ጽሑፍ፤ ስለ ጣራ፣ ስለ መስኮት፣ ስለ ምድር ቤት እርጥበት። 11 ሰዓት ላይ ኢንተርኔት ቤት እገባለሁ፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሜ መጥቶ ይወስደኛል። የአሜሪካ ጠዋት የኛ ምሽት ነውና ሴት ልጅ ብቻዋን የምትመለስበት ሰዓት አልነበረም። ወንድሜ ተራውን አንድም ቀን አላጓደለም። ሲዘንብም፣ መብራት ሲጠፋም፣ አንድ ጥግ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያ ገንዘብ የእኔ ብቻ ነበር ማለት አልችልም።

ገንዘቡን እጅ ለማስገባት ሌላ መንገድ ነበረ። ፔዮኒር ከሚባል ድርጅት ማስተር ካርድ ይታዘዛል፣ ካርዱ በፖስታ ይመጣል። ለዚያ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ያስፈልጋል፣ እኛ ደግሞ የለንም። አባቴ በሕይወት ሳለ ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ሳጥን ነበረው። ጸሐፊዋን ለመንኳት፣ ፈቀደችልኝ። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ በኋላ ደወለች። ፖስታው ላይ ስሜ በላቲን ፊደል ተጽፎ፣ ከሥሩ አባቴ ሃያ ዓመት ይመላለስበት የነበረ ትምህርት ቤት ስም አለ። ቆሜ ሳየው ቆየሁ።

ማስተር ካርድ የሚቀበለው የዳሸን ባንክ ኤቲኤም ነበር። እናቴን ይዤ ሄድኩ። ያን ጊዜ ዶላሩ 19 ብር ግድም ነው፤ የተጠራቀመውን ሳወጣ 1,200 ብር ሆነ። ማሽኑ ብሩን ሲቆጥር እናቴ ድምፁን እየሰማች ነበር። ብሩን ሰጠኋት፣ ቆጠረችው፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ከዚያ እጄን ይዛ ባረከችኝ፤ እዚያው መንገድ ዳር፣ ሰው እያለፈ።

ሁሉም አሠሪ እንደ ሚኒሶታው ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ሳልናገር ባልፍ እውነት አይሆንም። አንድ አሠሪ «ለሙከራ» ብሎ አምስት ጽሑፍ አስጽፎኝ ጠፍቷል። ጽሑፎቼን ቆይቼ ድረ ገጹ ላይ አገኘኋቸው። ሌላው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያስረክበውን የማጠናቀቂያ ጽሑፍ በ40 ዶላር እንድሠራለት ጠየቀኝ። የዚያን ሳምንት ዘይት ጨርሰን ነበር። የመምህር ልጅ ነኝ፤ እንቢ አልኩ። ማታ ለእናቴ ስነግራት ምንም አላለችም፤ ያባቴን ፎቶ አቧራ ጠረገችው።

ስለ ዋጋውም የማምነውን ልናገር። ለ500 ቃል 5 ዶላር ትክክለኛ ዋጋ አልነበረም፤ 1 ዶላር ደግሞ ዘረፋ ነው። በድህነታችን ልክ ተተምኖልን ነበር። በኅዳር 2007 ድርጅቱ የሰዓት ክፍያ ከ3 ዶላር እንዳያንስ ሲደነግግ ብዙ ጸሐፊ ሥራ ይቀንሳል ብሎ ፈርቷል፤ እኔ ደስ ብሎኛል። ያን ጊዜ ኢላንስ የሚባለው ተመሳሳይ ድርጅትና ኦዴስክ ተዋሕደው ነበር፤ ውሕደቱ የተነገረው እኔ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ ታኅሣሥ 2006 ላይ ነው። በሚያዝያ 2007 መጨረሻ ስሙ አፕወርክ ሆነ። ዓመት ቆይቶ ደግሞ ከእያንዳንዱ ደንበኛ የመጀመሪያ 500 ዶላር ላይ ከመቶ 20 መውሰድ ጀመረ፤ ያ አዲስ ገቢዎቹን ክፉኛ ጎድቷል። ዛሬ እንዲህ ያለውን የአሸንዳ ጽሑፍ ማሽን በሰከንዶች ይጽፈዋል፤ እኔ የገባሁበት በር አብዛኛው ተዘግቷል። ከእኔ በኋላ ያ ድንጋይ ላይ ለተቀመጡት ልጆች ይህ ያሳዝነኛል። በዚያች በር የገባው ገንዘብ ብቻ አልነበረምና።

ወደዚያ የመጀመሪያ ዓመቴ ልመለስ። የገና ዋዜማ ላይ የሚኒሶታው ሰው ጻፈልኝ። በሚኒሶታ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ደርሶ የግዛቱ ገዥ ትምህርት ቤቶችን ሁሉ እንዲዘጉ አድርጓል። የዚያ ክረምት ቅዝቃዜ በዓለም ዜና ሁሉ ነበር። ቀጣዩ ጽሑፍ ስለ በረዶ ግድብ እንዲሆን ፈለገ፤ ጣራ ጠርዝ ላይ፣ አሸንዳው አፋፍ፣ በረዶ ተጋግሮ ውሃ ስለሚያግድበት ነገር።

ለጋሼ 100 ብር ይዤ ሄድኩ። በመጀመሪያው ጽሑፍ የሳቸው እጅ አለበትና ድርሻቸው ነው። ብሩን አልነኩትም። «ይልቅ የጻፍሽውን አንብቢልኝ» አሉ። ከእንግሊዝኛው እየመለስኩ አነበብኩላቸው። መዶሻቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። ጆጓ ጋ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ አዲሱን ነገር ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ቋንቋ አጠረኝ። ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ፣ የደነደነው ውሃም በረዶ፣ እኛ ዘንድ በሐምሌ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠውም በረዶ። በመጨረሻ መሬት ላይ በከሰል አንድ ቤት ሣልኩላቸው። ጣራው ላይ ጥጥ የመሰለው አለ። ቤቱ ውስጥ እሳት ይነዳል፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ ጥጡን ከሥሩ ያቀልጠዋል። ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠርዙ ጋ ግን ከሥሩ ሙቀት የለም፣ ስለዚህ መልሶ ይደነድናል። የደነደነው ይከማችና ግድብ ይሆናል፤ ከኋላው የሚመጣው ውሃ መሄጃ አጥቶ በጣራው ክዳን ሥር ወደ ቤት ይገባል።

«ስለዚህ ውሃው ወደ ላይ ይሄዳል?» አሉ ጋሼ።

«አዎ።»

ዝም አሉ። ነገሩ እንዳስጨነቃቸው ፊታቸው ላይ አየሁ፤ ሌላ አልተናገሩም።

በማግስቱ ጠዋት በራችንን አንኳኩ። ጋሼ ቤታችን ሲመጡ ብርቅ ነው፤ እናቴ ደንግጣ ወንበር አወጣች። አልተቀመጡም። «ችግሩ አሸንዳው ላይ አይደለም» አሉኝ። «እሳቱ የሚሞቀው ለሰው ነው፤ ጣራ ድረስ ምን ያወጣዋል? እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ውርጭ አውቃለሁ። ያባቴ ቤት የሣር ክዳን ነበር። ውስጥ ሌሊቱን እሳት ሲነድ ያድራል፤ ጠዋት ስትወጪ ውርጩ ጣራው ላይ እንደ ጨው ተነጥፎ ታገኚዋለሽ፣ አልቀለጠም። ሣሩ ሙቀቱን ይዞታል። ሰውየው በረዶውን አይቆፍር፤ ኮርኒሱ ላይ ይጎዝጉዝ። ጻፊለት።»

ጻፍኩለት። ያሉትን እንዳሉት፤ ውርጩንም፣ ጨውንም፣ ያባታቸውንም ቤት። ሚኒሶታ እስኪነጋ ጠበቅሁ። መልሱ ከወትሮው ረዘመ። ልክ ነዎት በዪልኝ አለ፤ ለደንበኞቼ 20 ዓመት የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፤ ኮርኒሱ ላይ መጎዝጎዣ ከሌለ እኔ በየዓመቱ መጥቼ በረዶ ብፈልጥ ዋጋ የለውም፤ የሚሰማኝ ግን ጥቂት ነው። ጽሑፉ ከውርጩ እንዲጀምር ጠየቀኝ። ጨርሼ ስልክለት በ5 ዶላሩ ላይ 20 ጨምሮ ከፈለኝ፤ ማብራሪያው ላይ «ለአሸንዳ ሠሪው» ብሎ ጽፏል።

አብሮ አንድ ፎቶ ላከ። አንድ የእንጨት ቤት ነው፤ ከጣራው ጠርዝ በረዶ እንደ ጧፍ ተንጠልጥሏል፣ ረጅሙ መስኮቱን አልፎ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። አሸንዳው በክብደቱ ጎብጧል። ኢንተርኔት ቤት በቀለም አሳተምኩትና ከ20 ዶላሩ ብር ጋር ወሰድኩላቸው። ብሩን ይህን ጊዜ ተቀበሉ፤ ባለሙያ ለባለሙያ የላከው ነውና። ፎቶውን ግን ረጅም ጊዜ ያዙት። አሸንዳውን በጣታቸው ተከትለው የጎበጠበት ቦታ ላይ ሲደርሱ «አይ፣ አይ» አሉ፤ ሰው ሲታመም እንደሚባለው።

ከሥራ ቦታቸው በስተኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ካላንደር አጠገብ፣ በምስማር ሰቀሉት። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር አሸንዳ አሠሪ እየበዛ መጣ። በዚያ ሳልፍ አንዱ ደንበኛ ፎቶውን እያየ የት አገር እንደሆነ ሲጠይቃቸው ሰማሁ። ጋሼ ላሜራውን ማጠፋቸውን አልተዉም።

«ሚኒሶታ ነው» አሉት። «ደንበኛችን ናቸው። ኮርኒሱ ላይ እንዲጎዘጉዙ ነግረናቸዋል።»